የተለማማጇ ቅጽ

ሀወሊ፣ ከፎቁ ሥር፣ በተከራየነው ሰርዳብ፣
የማቀዝቀዣው ውሃ ባልዲ ላይ ሲል ጠብ ጠብ፣
አርብ አርብ እናስተምራለን። የሾፌር ልጅ፣ የልብስ ሰፊ፣
የነርስ፣ የዘበኛ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ እኔ ነኝ ጸሐፊ።

በመጋቢት ወይንሐረግ ለልምምድ መጣች እኛ ጋ፤
ዲፕሎማዋን በላስቲክ ሸፍና፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ የረጋ።
«ምድር እኮ አትዞርም» አለች፣ ሻይ ስንጠጣ፣ በጨዋታ፤
«ፀሐይ ናት የምትሄደው። ምድርን አጽንቷታል ጌታ።»
ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።
(የተመደበላት ጂኦግራፊ ነው፤ ሌላ ትምህርት የላትም።)

ጋሽ ፍሬሰንበት ሲሰማ ጠረጴዛ መታ፣ ተቆጣ፤
«የማታምንበትን ልታስተምር! ይሄ ነው የቀረን ጣጣ!
ዛሬ ምድር አትዞርም ያለች፣ ነገ ልጅ ታሞ ቢወድቅ፣
‹ጋኔን ነው› ብላ ሐኪም ብትከለክልስ? ማን ነው የሚጠየቅ?»
ሐጂ ኑረዲን ግን ሙስበሃቸውን ቀስ ብለው እየቆጠሩ፣
«የልቧን ለፈጣሪ ተዉት። ልጆቹ ተማሩ አልተማሩ?
እሱን ጠይቁ» አሉ።
ቅጹ እኔ ዘንድ ቀረ። «አመለካከት» የሚል ሣጥን አለው፤
ከሥሩ «ብቁ»፣ «ብቁ ያልሆነ»፤ አንዱን ነው የምሰርዘው።

በቀጣዩ አርብ ክፍሏ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥሁ፣
እስክሪብቶዬን ከፍቼ ስሕተቷን ጠበቅሁ።
ብርቱካን በኪሮሽ ወግታ፣ የስልኳን መብራት አብርታ፣
ሌትና ቀንን አሳየች፣ እያዞረች በእርጋታ።
አንዲት ነጥብ አላዛነፈች፤ መጽሐፉ እንዳለው፣ እንደ ቃሉ፤
ልጆቹ ከወንበር ተነሥተው፣ እየተጋፉ ያያሉ።

ከጥግ፣ ከባልዲው አጠገብ፣ አንዲት እጅ ብቅ አለች፤
የሙኒብ ነች፣ የዘበኛው ልጅ። ሦስት ዓመት እኔ ፊት ያልተነሣች።
«ቲቸር፣ አንቺስ ታምኛለሽ?»

ባልዲው ጠብ አለ።
ጠብ አለ።

«እኔ አላምንም» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ። «መጽሐፉ ያለው ግን ይኸው ነው፤
ሰዎቹ ለክተው ነው የደረሱበት። አንተም እኔን ተውና ለካው።»

ሰባት ፎቅ ወጣን፣ ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ፤
የመጥረጊያ እንጨት ቆመ፣ ከዲሾች መሀል ቦታ ተገኝቶ።
ጥላው በጠመኔ ተሰመረ። ጣራው እንደ ምጣድ ያቃጥላል።
ሙኒብ ተንበርክኮ አየና፣ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ አይሆንም» ይላል፤
«ፀሐይም ብትሄድ፣ ምድርም ብትዞር፣ ጥላው ያው ይሄዳል፤
ይሄ እንጨት ለአንቺም ለመጽሐፉም እኩል ይመሰክራል።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን እንጨት «ማስረጃ» ብዬ አቁሜያለሁ።
ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁ።
እሷ ግን ሳቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ልክ ነህ» አለችው። «ታዲያ
ምን እንለካ?»
ከውሃ ጋኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተከራከሩ፣ እሱና እሷ፤
ማን አስተማሪ እንደሆነ ለማያውቅ፣ አይለይም ነበር ከርቀት።

እኔ ምድር እንደምትዞር አምናለሁ። ቅንጣት አልጠራጠርም።
ስለ ሙኒብ የማምነውን ግን የትኛውም ቅጽ ጠይቆኝ አያውቅም።
«ፊርማውን ከጻፈ ይበቃዋል» ያልሁት፣ በልቤ፣ እኔ ነኝ፤
ከጥግ ያስቀመጥሁትም እኔ። ባልዲው ሲሞላ
ተነሥቶ እንዲደፋልኝ።

የጋሽ ፍሬሰንበት ጥያቄ አልተመለሰም። ልጁ ቢወድቅስ?
ወይንሐረግን እሱን ልጠይቃት ፈራሁ፤ መልሷን ፈራሁ።
ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ። እስከ እሑድ ጊዜ አለኝ።

ልጆቹ ሲሄዱ፣ መብራት ላጠፋ ሰርዳቡ ወረድሁ።
ባልዲው አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል።
በሁለት እጄ አንሥቼው፣ ደረጃውን ስወጣ
ሱሪዬ ራሰ፤ ሁለቴ አረፍሁ።
ይህን ያህል እንደሚከብድ
አላውቅም ነበር።